መኖ ጆንያው ውስጥ

ኦርክኒ ላይ ዛፍ የለም፤ ንፋስ ነው የሚበቅል፣
አጥር የሚያስጎነብስ፣ በር የሚነቅል።
እኔና ሱኒቫ ሃያ ሁለት ክረምት
ከብት ስናረባ ኖርን፣ በዚች የጨው መሬት።

አባቷን ቀበርን በጥቅምት መጨረሻ፤
በኅዳር ግራ ዓይኗ ሆነባት ማምሻ።
ቀዩ ባልዲ አመድ መስሎ ታያት፤
ባዶ እግሯን ቆማ፣ ካልሲ ያጠለቀች ያህል ተሰማት።

ሐኪሙ ከአበርዲን በትንሽ አውሮፕላን መጥቶ፣
የጭንቅላቷን ፎቶ መብራት ላይ ዘርግቶ፣
«የነርቭሽን ልባስ
የገዛ ዘበኛሽ ልጦታል» አለ።

«ሐዘን ነው?» አልኩት፣ «ጭንቀት ነው ያስላጠው?»
እስክሪብቶውን አሽከረከረ፣ መልስ እንደ ጠፋው።
«ብዙ ሰው ስትቆጥር ሚዛኑ ወደዚያ ያጋድላል፤
አንዷን ሴት ስታይ ግን፣ ማን እርግጡን ያውቃል?»

እኔ «ያጋድላል»ን ብቻ ይዤ ወጣሁ።
ራዲዮኑን ዘጋሁ።
ስልኩን እኔ አነሳሁ።
ወይፈኑ ሲሞት «ሸጥኩት» አልኳት፤
እህቷ ስታለቅስ «ደህና ነች» አልኳት፤
የባንኩ ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ
መኖ ጆንያው ውስጥ ቀበርኩት፣ እንዳይወጣ።
«አትጨነቂ» እላታለሁ ጧትና ማታ፣
እንደ መድኃኒት፣ በሰዓቱ፣ በጠብታ።

ሐሙስ ዕለት ግን ጊደሮቹን ልታበላ ገብታ
ተመለሰች፣ ፖስታው ላይ ገለባ እንደ ተጣበቀ።

«ኤርለንድ፣ ይሄ ቤት ከመቼ ወዲህ ነው ዝም ያለው?
ሌሊት ሌሊት ዝምታህን ነበር የማዳምጠው።
ዕዳ ቢሆን በቆጠርኩት፣
ሞት ቢሆን ባለቀስኩት፤
ስም የሌለውን ሸክም ግን
በየት ትከሻዬ ልያዘው?»

ከዚያ፣ ሳላስበው፣ ሳቅ አላት።
«ያ ሐኪም ‹የገዛ ዘበኛሽ› ሲል
አንተን መስሎኝ ነበር።»

አልሳቅኩም።
ግራ ዓይኗን በመዳፏ ከድና
ጮክ ብላ አነበበችው፤ ወለዱን፣ ቀኑን፣ የፈራሚውን ስም።
እጇ ተንቀጠቀጠ።
ቁጣ ይሁን፣ ብርድ ይሁን፣ ያ ነገር ይሁን
ስንት ወር ስቆጥር የከረምኩት ሰውዬ
ያን ጊዜ አልቆጠርኩም፤
የወረቀቱን አንድ ጫፍ ያዝኩላት።

ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች።
ውጭ ንፋሱ የጋጣውን ቆርቆሮ ይጠልዛል።
ቀና ሳትል
«ወይፈኑስ?» አለች።

«ሞተ» አልኳት።