ሞተሩን አጥፍቶ

ሳይረን ከጮኸ አሥራ አምስት ሰከንድ፤ ከዚያ በላይ የለም፤
በስዴሮት ቆጥሮ ያደገ ሰው ቢተኛም እንቅልፉ እንቅልፍ አይደለም።
ያ ሌሊት አለፈ፤ ዓመት ከመንፈቁ፤
የጆሮዬ ነገር፣ እዚያው መጠበቁ።
በር ድንገት ሲዘጋ፣ ሞተር ሲያጓራ፣
ከጠረጴዛ ሥር ራሴን አገኛለሁ፣ ከወንበር እግር ጋራ።

ሐኪሟ ደግ ናት። «ትንፋሽሽን ቁጠሪ» አለችኝ፤ ቆጠርኩኝ።
እስከ አሥራ አራት ደህና ነበርኩ፤ አሥራ አምስት ላይ ሮጥኩኝ።
እናቴ ዋጋዬ ምንም አትጠይቅም፤
ልብሴን ታጥፋለች፣ ደግማ ታጥፋለች፣ ፊቴን ግን አታይም።

አንድ ሐሙስ ማታ ነው፤ መስኮት ተደግፌ፣
እንደ ልማዴ ከእንቅልፍ ጋር ተኳርፌ፣
ኤልያሳፍን አየሁት፣ የታችኛውን ጎረቤት፣
በሞተር ብስክሌት ፒሳ የሚያመላልስ እስከ እኩለ ሌሊት።
ከባሕር ዛፉ ሥር ሞተሩን አጠፋ፤
ወረደ። መሪውን ያዘ። ዳገቱን ገፋ፣
ያንን ሁሉ ብረት፣ ላቡ ዓይኑን እያጠበ፣
የእኛን ደጅ እስኪያልፍ፣ እንደ ሌባ እየተሳበ።
«ነዳጅ አልቆበት ይሆናል» አልኩ።
እሑድም ገፋ። ሰኞም ገፋ። በዝናብም ገፋ።
ያኔ ነው የገባኝ፦ ነዳጅ አልነበረም የጠፋ።

ከዚያ ወዲያ የማይሰማውን መስማት ጀመርኩ።
ባለሱቁ ኦሐዮን ያንን ነጎድጓዱን፣ የብረት መዝጊያ፣
በሁለት እጁ ደግፎ ያወርዳል፣ አራስ ልጅ እንደሚያስተኛ።
ወይዘሮ ላሪሳ፣ ከላይኛው ፎቅ፣ አማርኛ የማታውቅ፣
የደረጃውን በር ምንጣፍ ቆርጣ አለበሰችው፣ ሲዘጋ ልቤ እንዳይወድቅ።
ማንም ማንንም አላማከረ፤ ወይ ተማክረው ይሆናል፤
እኔ እንቅልፍ ባጣሁ ሰፈሩ በጣት ጫፍ ይሄዳል።

ትናንት ወረድኩ። ከባሕር ዛፉ ሥር ጠበቅኩት።
አፈረ። «ተበላሽቶብኝ ነው» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት።
ከኋላ ይዤ አብረን ገፋን። ከባድ ነው፤ ለካ ከባድ ነው።
ዓመቱን ሙሉ፣ በየማታው፣ ይህን ነበር የሚገፋው።
ደጃችን ስንደርስ «አስነሣው» አልኩት።
«አሁን?»
«አሁን።»
ጮኸ። ጉልበቴ ከዳኝ። የጃኬቱን እጅጌ ጨምድጄ ያዝኩት።
እስከ ዘጠኝ ቆጠርኩ፤ «አጥፋው!» አልኩ፤ አጠፋ።
«ዘጠኝ ብዙ ነው» አለ፣ ፒሳው እየቀዘቀዘ፣ ሞተሩን እየገፋ።
ቀና ስል በሦስተኛው ፎቅ መጋረጃው ተወዛወዘ፤ መብራት ጠፋ፤
ለካ እናቴ ታይ ነበር።