ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ሳትኪራ

ከሌሊቱ ሰባት፣ በሳትኪራ ጨለማ፣
ሹክላ ባትሪ ይዛ ከጣውላው ላይ ቆማ፣
ክዳን ታነሣለች፤ ሣጥን፣ ደግሞ ሣጥን፤
በየሣጥኑ ውስጥ አንድ ብቸኛ ሸርጣን።

አራት ሺህ ሣጥን ነው። በየአራት ሰዓቱ
ቅርፊቱን የጣለ እንዳለ ማየቱ፣
ለስላሳ እንደሆነ ከውኃው ማውጣቱ፣
የሷ ነው። ጥቂት ከዘገየች ገላው ይጠጥራል፤
የጠጠረ ሸርጣን በግማሽ ይሸጣል።

አርባ ሁለት ቁጥር ላይ ሁለት ሆኖ ጠበቃት፤
አንዱ ባዶ ልብስ፣
አንዱ እርጥብ ነፍስ።

«ልብሱ ብቻ እንዳይመስልሽ» ብላት ነበር ተህሚና፣
ብልቃጧን በበረዶ ሞልታ የመጣች ከኩልና፤
«የጨጓራው ገበር፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ጥርስ፣
አብሮ ነው የሚወልቀው፤ ቤት ነው የሚፈርስ።
ገበሩን ተደግፈው የኖሩት ነዋሪዎች፣
ለዓይን የማይሞሉ፣ እልፍ አእላፍ ፍጥረቶች፣
አብረው ይሄዳሉ።»
          «ምን ይሠሩ ነበር?»
«አንዱ የማይፈጨውን ይፈጫል። ሌላው ደግሞ ወንበር
ይዞ ይቀመጣል፤ አይዋጋ፣ አይታገል፤
በሽታ ሲመጣ፣ ‹ሞልቷል› ብቻ ይላል።»

ሹክላ ይህን ሰምታ አምና ትዝ አላት።
ሸርጣኑ ሲያልቅበት ባለ ኩሬው ሞታሌብ
መድኃኒት ገዝቶ ነሰነሰ፤ ያለ ልክ፣ ያለ ሐሳብ።
ውኃው ጠራ፣ ጠራ፣ መስታወት መሰለ፤
በሦስተኛው ቀን፣ ደህና የነበረው በጀርባው ዋለ።
ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነበራ!

«ታዲያ ማን ይመለሳል?» ብላ ጠይቃት ነበር።
«ከመሐል አንጀት የተረፈ ጥቂት ዘር፤
ከጭቃው የሚመጣ፤ የጣለውን ልብስ ሲቀምስ የሚገባ፤
ጊዜ ካገኘ።»

ጊዜ ካገኘ።
ሹክላ ታውቀዋለች። አውሎ ነፋሱ ቤቷን ጠርጎ በሄደ ማግስት፣
እግሩ ጭቃ በጭቃ፣ ድስት በእጁ፣
ማንም ሳይጠራው ገባ ጎረቤት።

አርባ ሁለት ቁጥር ግን ጊዜ የለውም፤
ከዚህ ወደ በረዶ ነው፤ ማንም አይመለስለትም።

እርጥቡ ተንቀሳቀሰ። እንደ ሰም በለዘበ እግሩ
ወደ ጣለው ልብስ ጠጋ አለ።

ሹክላ ክዳኑን መለሰች፣ በቀስታ፤
መዝገቡ ላይ «የለም» ብላ ጻፈች፣ በቁጥሩ ቦታ።
ሲነጋ ይጠጥራል። ጉድለቱ ከደመወዟ ይቆረጥ ይሆናል።
ሞታሌብ «እንዴት አመለጠሽ?» ይላል።
እሷም ባትሪዋን አጥፍታ፣ ዓይኗን እያሸች፣
«እንቅልፍ ጣለኝ» ትላለች።
ሌላውን ሆድ ይፍጀው።