ገቢና ወጪ

የሞንቴቬርሎ መንገድ፣ ከተራራው ወርዶ
ወደ ባሕሩ ሲሮጥ፣ እንደ ጎርፍ ነጉዶ፣
ከመቃብሩ ማዶ፣ ከቀጥታው ሜዳ ላይ
ቆማለች አንዲት ሣጥን፣ በአንድ ዓይን የምታይ።
ጨዋ ናት፤ አትጮኽም፣ ፊሽካም አትነፋም፤
ብልጭ ትላለች እንጂ፣ ስታሳድድ አትለፋም።
ቀሪው የእኔ ሥራ ነው። ኤርሲሊያ እባላለሁ፤
በማዘጋጃ ቤቱ፣ ቁጥር እጽፋለሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በዚያው ወንበር ከርሜ፣
የስንቱን ቴምብር ሙጫ፣ በምላሴ አጣጥሜ፣
ለማላውቀው ሹፌር፣ ደብዳቤ እልካለሁ፤
«ሰባ አንድ ነድተዋል፣ ይክፈሉን» እላለሁ።

ይመልሱልኛል። አንዱ ከቶሪኖ
«ሌቦች!» ብሎ ጻፈ፣ በቀይ ቀለም አግኖ።
አንዲት አዋላጅ ደግሞ፦ «ሴትዮዋ አምጣለች፣
ሌሊት ነው፣ መንገዷም፣ ባዶዋን ተኝታለች፤
ማንን ልገድል ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ።
ለዚህ የሚሆን ቅጽ፣ መሳቢያዬ አልሰጠኝ።
ላኩላት ቁጥሩን።
ከፈለች።

ከንቲባ ጉዋልቲዬሮ፣ አደባባይ ሲቆም
«ከሰው ነፍስ የሚበልጥ፣ ለእኛ ምንም የለም»
ይላል። ማታ ግን ከእኔ ጋር፣ መነጽሩን አውልቆ፣
በጣቱ ይቆጥራል፣ ከመዝገቡ ወድቆ፦
«የትምህርት ቤቱ ጣራ፣ የመብራቱ ዕዳ፣
የአሮጊቶቹ ሐኪም፣ የበረዶው ፍዳ፣
ያቺ ዓይን ባትኖር፣ ከየት ይመጣል?»
አልዋሸም። የእኔም ደሞዝ፣ በእሷው ይከፈላል።

ግን ይኸው መንገድ፣ አንድ ክርን አለው፤
ከወፍጮው አጠገብ፣ ግንብ የሚከልለው፤
ልጆች ከትምህርት ቤት፣ የሚሻገሩበት።
እዚያ ሣጥን የለም፤ ምን ገበያ አለበት?
ከሺህ መኪና አንዱ፣ ቢከንፍ ነው እዚያ።
አንዱ ይበቃ ነበር።

በኅዳር ጭጋግ ላይ፣ የኦታቪዮ ልጅ፣
ኒቬስ፣ ሰባት ዓመቷ፣ ጓንት ያላት በአንድ እጅ፣
የሌላው እጅ ጓንት፣ ክፍል ውስጥ ቀርቶባት፣
ወጣች።
አልገባችም።

ኦታቪዮ ግንበኛ ነው። በሦስተኛው ቀን መጣ፤
አላለቀሰም፤ ሜትር፣ ከኪሱ አወጣ።
ከሣጥኗ ጀምሮ፣ እስከ ክርኑ ለክቶ
በመስኮቴ ነገረኝ፣ እንደ ጡብ ዋጋ አስልቶ፦
«አንድ ሺህ አራት መቶ፣ ሜትር ሆነ በቃ፤
ዓይናችሁ ከልጄ፣ የቆመችው ርቃ።»

ሣጥኗን አዛወሩ። ወፍጮው ሥር ተተከለች።
በመጀመሪያው ወር፣ አራት መኪና ያዘች፤
በሁለተኛው አንድ። ከዚያ ወዲያ ምንም።
ሁሉም ፍሬን ይዞ፣ ያልፋል ሲያዘግም።
ከንቲባው ተጨንቆ፣ ባለሙያ አስመጣ፤
ሰውየው ከጄኖቫ፣ መሰላል ይዞ ወጣ፣
ፈታ፣ ገጠመና፦ «ምንም አልሆነችም፤
የሚሮጥ ነው የጠፋው፤ እሷስ አልታመመችም።»
ጉዋልቲዬሮ አዘነ። ክፉ ሰው አይደለም።
ሰው ሳይሞት ሲተክዝ፣ እንዲህ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ ስብሰባ አለ። ትመለስ? ወይ ትቆይ?
«የወሩን ገቢ ጻፊ» አለኝ፣ ገጹ ላይ
ዜሮ እንዳለ እያወቀ።
በሰባት ሰዓት ላይ፣ ኮቴን ደረብኩና
ወፍጮው ደጃፍ ቆሜ፣ ቆጠርኩ በጥሞና፤
ቦርሳቸው ሲዘል፣ ሲገፋፉ፣ ሲስቁ፣
አንድ በአንድ ተሻግረው፣ በየበሩ ሲዘልቁ።
መዝገቡን ገለጥኩና፣ «ገቢ» አልኩ፣ «አሥራ ዘጠኝ።»
«አሥራ ዘጠኝ ዩሮ?» ብሎ ገላመጠኝ።
«አሥራ ዘጠኝ ገቢ፤ አንድም አልጎደለ።»
ከጎኑ፣ በ«ወጪ» ዓምድ፣ አንድ ስም አለ፤
ቀኑ ኅዳር ነው።
ያ ሒሳብ አልተዘጋም።

ሐሙስ ምን ይወሰን፣ እኔ አላውቅም።
የትምህርት ቤቱ ጣራ ማፍሰስ ጀምሯል።
ዛሬ ጠዋት ባልዲ ይዤ ሄጄ አኖርኩለት፣
አንዲት ጓንት ከተሰቀለችበት
መስቀያ በታች።