እጅ ያልሰጠች

እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ከሃልስተድ መንገድ ዳር፣
ሸራ እዘረጋለሁ፤ ከቆመ ሰዓትና ከዛገ ቁልፍ ጋር
የፊልም መጽሔት አለኝ።
የዛሬ አይደለም፤ ሲኒማ ቤት በር ላይ ሰልፍ ከነበረ፣
ወታደር ሽፋኑን ቀዶ ከሳጥኑ ክዳን በምስማር ካኖረ፣
ከዚያ ዘመን የቀረ።

ሽታቸው ምድር ቤት ነው፤ ሙጫና ሲጋራ።
ሽፋኑ ግን አልሞተም፤
ቀዩ አሁንም ቀይ ነው፣ ቢጫው እንደ ጮራ፤
ጥርሷ ሳይወይብ ወረቀቱ ወይቦ፣
ትስቃለች እሷ፣ ብል ዙሪያዋን ከቦ።

አርባ ሦስት ሽፋን አለኝ፣ የአንድ ሠዓሊ ሥራ፤
«ላውሪትዝ» ብሎ ይፈርማል፣ ከተረከዟ ሥር፣ እንደ ጉንዳን ተራ።
ፊቱ የተዋናዮች ነው፤ ወር በወር ሌላ ስም፣ ሌላ ጠጉር፣ ሌላ ዓይን፤
ከአንገት በታች ግን አንዲት ሴት ናት፤
ለምጄዋለሁ ያን ትከሻ፣ ያን ጉልበት፣ ያን ጎን።

አንድ ሰብሳቢ አለ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣ ገጽ በገጽ አይቶ፣
«ይሄ ሰው እጅ መሳል አይችልም ነበር» ይላል፣ ዋጋ ሊያስቀንስ አስቦ።
እውነቱን ይመስላል።
በገናው እትም ላይ ሁለት እጇን የቀበሮ ቆዳ ሸፍኖታል፤
በበጋው፣ ባሕር ዳር ተቀምጣ፣ አሸዋው እስከ ክንዷ ውጦታል፤
አንዱ ላይ ጓንት ነው፤ አንዱ ላይ ከጀርባዋ፤
አንዱ ላይ ስልክ ታወራለች፣ ያለ እጅ፣
መነጋገሪያው ተጣብቆ ከትከሻዋ።
እኔም አምኜ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ነው፤ የሐይቁ ነፋስ መጽሔቱን ሲያገላብጥ፣
አንዲት አሮጊት ቆመች፣ እጆቿን ከካፖርቷ ኪስ ሳታወጣ፣ ሳትቀመጥ።
በአገጯ ጠቆመች፦ «ያቺ እኔ ነኝ። ይቺም። ያቺም ከዚያ ወዲያ።»
ሳቅሁ። እዚህ ገበያ
ስንቷ አሮጊት ናት «እኔ ነበርኩ» ያላለች!
እሷ አልተቆጣችም፤
የወተት ዋጋ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብላ አወራች፦

«ዝደንካ ነው ስሜ። የቺካጎ ቄራ ነበርኩ፣ ጆሮ በሚያደነቁር፣
የአሳማ ጎድን ስበልት፣ በጨው ውኃ ስነክር፤
የቀለበት ጣቴን ቢላዋ ወሰደው፣ እስከ አንጓው። አልጮህኩም፤
ሥጋው በሰንሰለት ይመጣል፣ አይቆምም ለማንም።
ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ፣ ላውሪትዝ ዘንድ፣ ሦስት ዶላር ለአንድ ማታ፣
በመዋኛ ልብስ፣ በረዶ መስኮቱን ሲመታ፣
ከባሕር እንደወጣሁ ሆኜ እስቃለሁ።
‹ባቴን ሳል› አልኩት፣ ‹አስረዝመው ካሻህ፤
ወገቤን ሳል፤ የሰው ፊት ቀጥልበት፤ ሽጠው፤ ይቅናህ።
እጄን ግን ተው።›
ያፈርኩ መሰለው፤ ደግ ነው፣ ብሩሹን ሮዝ ቀለም ነከረ፣
‹የጎደለውን ጣት ልሙላልሽ› አለኝ። እንቢ አልኩት። ቀረ።
በእጄ ነው የበላሁ፤ በእጄ ነው እናቴን የከፈንኩ፤
በእጄ ነው፣ ባል ነኝ ባይ ሰካራም አንድ ሌሊት በጥፊ ያልኩ።
ዓለም አየኝ፤ ገዛኝ፤ አራት ቦታ አጥፎ ከኪሱ ከተተኝ፤
ስሜን የማያውቅ መርከበኛ ሁሉ ስም አወጣልኝ፤
ሁሉን ሰጥቼ ይሆናል፣ ግድም የለኝም፤
እጅ ግን አልሰጠሁም።»

አንዱን መጽሔት በነፃ ዘረጋሁላት። «ለማኝ ነኝ?» ብላ ተቆጣች፤
«እጅ በእጅ ነው» አለች፤ ከኪሷም አወጣች።
ያን ጊዜ ዘወር አልኩ፣ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ምንም፤
ጣቷን መቁጠር እችል ነበር፤ አልቆጠርኩም።
መዳፌ ላይ ያረፈው ሳንቲም
ሞቆ ነበር፣ ሲጨበጥ የዋለ።

ያ ሰብሳቢ ዛሬም ይመጣል፤ መነጽሩን ይወለውላል፤
«እጅ አይችልም ነበር» ይላል።
«አዎ፣ አልቻለም» እለዋለሁ፤
ዋጋውን ግን ከፍ አድርጌ እጠራለሁ።