ነፋስ በሌለበት ቅዳሜ

የነፋስ ወፍጮ ልናይ መጣን፤ ነፋስ የለም።
የመንደሩ ጭስ ቆሟል፣ እንደ ተሰመረ ቀለም።
በሩ ላይ ወረቀት፦ «ቁልፉ ያለው ፀጉር ቤት፤
እሱ ዝግ ከሆነ የቄሱን ሚስት ጠይቋት፤
እሷም ከሌለች ግን፣ ደጃፉን ቁጭ በሉበት።»

ቁልፍ ያዧ እስክትመጣ ትሬልስቢን ዞርነው፤
ለመዞር አሥር ደቂቃ፣ ለማየት ግን ቀን ነው።
ሣር መስኩ ዳር ቆሟል የጥንት እግር ግንድ፣
ቀዳዳው አምስት ነው፤ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ።
«አምስተኛው ለማነው?» ብል ውሻ የሚያናፍስ ሽማግሌ፣
«አንድ እግር ላለው ሌባ» አለኝ፣ ሳይስቅ፣ ሳይል እህሌ በቅሌ።

ቀይ የስልክ ሳጥን አለ፣ ስልኩ ከወጣ የቆየ፤
መጽሐፍ ሞልተውታል፣ ያሻው እንዲዋስ እየታየ።
አንዲት ሴት ገብታ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ታነባለች፤
ከሩቅ ላያት ሰው ግን፣ ዛሬም የምትደውል ትመስላለች።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር የጦር ሟቾች ድንጋይ ቆሟል፤
ከአሥራ አንዱ ስም መካከል ሦስቱ ፔንድልበሪ ይላል።
የአንዲት እናት ይሁኑ፣ ድንጋዩ የት ያውቃል።

መጣች ወይዘሮ ኦቲሊ፣ ፎጣ ካንገቷ እንደዋለ፣
ግማሽ ፀጉሯ ተጠቅልሎ፣ ግማሹ ውሃ እንዳዘለ።
«ደረጃው አርባ ሁለት ነው፣ ፊት ፊት የምወጣው እኔ፤
ብወድቅ የምወድቀው እናንተው ላይ ነው፣ ወገኔ።»

እኔ ሰዓት አዳሽ ነኝ። ጥርስ ሳይ ሳልቆጥር አላልፍም።
ትልቁ መንኮራኩር ሰማንያ ስምንት ነው፤ አንድም አልጎደለም።
ጥርሶቹ የፖም እንጨት፣ ጥቁር፣ የወዙ በቅባት፤
አንዱ ብቻ ነጭ ነው፣ የወተት ጥርስ ያህል ንጣት።
«እሱ የአምብሮስ ነው» አለች፣ «የባሌ የመጨረሻ ሥራው።
በየካቲት ጠረበው፤ በመጋቢት ቀበርነው።»

ከእህል ማፍሰሻው በላይ ትንሽ ቃጭል ተሰቅላለች፤
እህሉ ሊያልቅ ሲል ፈጪውን ትጠራለች።
መጁ ባዶ ከዞረ፣ ድንጋይ ድንጋይን ይበላል፣
ከዚያ እሳት ይነሣል።
ኦቲሊ በጣቷ ነካቻት።
ቃጭሏ ጮኸች፤ ቶሎ ያዘቻት።

ወረድን። ታቢታ የምትባል፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣
ቀና ብላ ጠየቀች፣ ዓይኗን ከልላ በእጅ፦
«ክንፎቹ ለምን ዘመሙ? አንዱ ለምን ቀጥ አላለም?»
እናቷ ቆነጠጠቻት። ኦቲሊ ግን አልተቆጣችም።

«ላይኛው ክንፍ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ፣
ቤቱ ሠርግ አለው፤ ወይም ልጅ ተወልዷል።
ጫፉን ጥቂት አልፎ ከቆመ፣ ቤቱ ሰው ጎድሎታል።
ገበሬ ከማሳው ሆኖ ቀና ብሎ ያነበዋል፤
ጋዜጣ ሳይገዛ የጎረቤቱን ወሬ ያውቃል።»

በልቤ ሰፈርሁት፦ አምስት ጉዳይ ደስታ፣ አምስት ሲያልፍ ልቅሶ፤
መሃሉ ሁለት ክንድ አይሞላ፣ ሸራው በዝናብ በስብሶ።

«ስንት ጊዜ ሆነው?» አለች ልጅቷ።
«ስድስት ወር።»
«አይበቃም?»

ማንም አልተነፈሰ።
ያኔ የፎጣዋ ጫፍ ተነሣ፤ ከምሥራቅ አንዳች ነገር ነፈሰ፤
ነፋስ ለማለት የሚያሳፍር፣ ሻማ እንኳ የማያጠፋ።
ኦቲሊ የፍሬኑን ገመድ ያዘች። እኔ ግን ሮጥሁ፣
አርባ ሁለቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን ወጣሁ፤
አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር፦
ያ ነጭ ጥርስ፣ ከተጠረበ ጀምሮ፣ ነክሶ አያውቅም ነበር።

እንጨቱ አቃሰተ። ግንዱ ተንቀጠቀጠ።
መንኮራኩሩ አንድ ጥርስ፣ ሌላ፣ ሌላም ተንቀሳቀሰ፤
ከጣራው አቧራና የዓምናው ዱቄት ራሴ ላይ ፈሰሰ።
ነጩ መጣ፣ መጣ፣
ሊነክስ ሁለት ጥርስ ሲቀረው፣
ነፋሱ ተወው።

በመስኮቷ ቁልቁል አየሁ፤
ሁሉም ቀና ብለው ቆመዋል፣ ገመዱ በእጇ እንዳለ።
ከመንገዱ ማዶ፣ ከፀጉር ቤቱ በር፣
አንዲት ሴት ማበጠሪያ ይዛ ጮኸች፦
«ኦቲሊ! ነይ እንጂ፣ ግማሽሽ ደርቋል!»