ከጠርዙ ውጪ

ከታይዋን ገበያ፣ በባጃጅ አስጭኖ፣
ረምዚ ሰፊ ስክሪን አመጣ ጨክኖ።
የድሮው ጨዋታ ግን፣ ሲከፈት ተለጥጦ፣
ኳሷ እንቁላል ሆነች፣ በረኛውም አብጦ
ትከሻው እስከ ከዚራ ድረስ ሰፋ፤
ልጆች በሳቅ ሲፈርሱ፣ ድንገት መብራት ጠፋ።

ማታ፣ ሙቀቱ ጋብ ሲል ደቻቱ አሸዋ ላይ፣
ረምዚ ፋይሉን ከፍቶ፣ ቁጥር በቁጥር ሲያይ፣
አራት ለሦስት የሚለውን አግኝቶ ሰርዞ፣
አሥራ ስድስት ለዘጠኝ ጻፈ፣ ትንፋሹን ይዞ።
አንዴ ራስ ተቆረጠ፣ አንዴ እግር ጎደለ፣
አንዴ ጥቁር ግድግዳ ግራ ቀኝ በቀለ።
ወደ ንጋት ግን ኳሷ ኳስ መሰለች፣
ክብ ሆና እስከ መረቡ ተንከባለለች።

ሜዳውም ሰፋ። ያኔ ነው ረምዚ ያየው፣
ከጠርዙ ዳር፣ ሠሪው «ማን ያየዋል» ብሎ የተወው፦
ተቀያሪው ተጫዋች፣ እጁን ዘርግቶ፣
ቆሟል፣ ተራ ሲጠብቅ፣ ዓይኑን ሳይከድን ከቶ።
ስንት ዓመት? ከአራት ማዕዘኑ ውጪ፣ ብቻውን።
ረምዚ ማውዙን ለቆ አሻሸ ዓይኑን።

ጠዋት በሩን ሲከፍት፣ ቆሟል ዋበሪ፣
ሁሌም የሚያይ፣ የማይጫወት፣ የደፍ ዳር ኗሪ።
«አምስት ብር የለኝም» አለ፣ ገና ሳይጠየቅ።
ረምዚ፣ ወንበሩ ላይ፣ ወደ ጎን አለ ፈቀቅ።