ዚፑ የታየበት ደቂቃ

አባቴ አውሬ ነበር፣ በቀን የሚከፈል፤
ድልድይ የሚነቅል፣ ግንብ የሚፈነቅል።
ማታ ግን ቤት ሲገባ፣ በሩን ሲያንሸራትት፣
ጣቱ ይጠነቀቃል፣ እንዳልነቃበት።

ሙሮራን ከተማ፣ ከወደቡ በላይ፣
ትንሽ ሱቅ ነበረኝ፣ ፊልም የማከራይ፤
ሽማግሌው ኦኩዴራ ሲደክም የገዛሁት፣
ከነዕዳው፣ ከነካርዱ የተረከብኩት።
ዘንድሮ ዘጋሁት። ካሴት ማን ይሻል?
ሰው ሁሉ በስልኩ ዓለም ሲያይ ያመሻል።

ዕቃውን ስሸክፍ፣ ከታችኛው ረድፍ
አንድ ካሴት ወጣ፣ ሽፋኑ የሚረግፍ።
ሥዕሉ ላይ አውሬ ባሕር ይሰነጥቃል፤
ጀርባው ዛጎል ለብሶ፣ ዓይኑ ያብረቀርቃል።
ከሥሩ ስሞች አሉ፣ በቀይ የተጻፉ፦
ያፈቀሩ፣ የሸሹ፣ መድፍ ተኩሰው ያለፉ።
ኩራሞቺ ጌንሳኩ የሚል የለበትም።
አውሬ ስም የለውም፤
አውሬ አይፈርምም።

ልብሱ ጎማ ነበር፣ ሰባ ኪሎ ሙሉ፤
ከእግሩ ሲያወልቁለት ላብ ይደፋል አሉ።
የሚያይባት ቀዳዳ ከአንገቱ ሥር ነበረች፣
ከአዝራር የማትሰፋ፤
ያን ሁሉ ከተማ ያፈረሰው በዚያች ነው፣
ግማሹን በግምት፣ ግማሹን በተስፋ።

ስለ ሥራው አንዴ ብቻ ነው ያወራኝ።
ቤቶቹ ቢያጥሩም ከጉልበቱ በታች፣
አናጺዎቹ ክፉ ነበሩ፣ አለኝ፤
መስኮቱ መጋረጃ አለው፣
በረንዳው ላይ የተሰጣ ልብስ፣ የጥፍር ያህል።
ይቅርታ ብሎ እንዳይረግጥ፣ ጎማው አያጎነብስም፤
ስለዚህ በሆዱ ይሰግዳል፣
ከዚያ ይረግጣል።

ማጫወቻው አጓራ፣ ካሴቱን ዋጠው፤
መጀመሪያ በረዶ፣ ቀጥሎ መስመሮች፣ ከዚያ ባሕሩ መጣ።
አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ግን ሥዕሉ ተቀደደ፣
እንደ አሮጌ ጨርቅ ተላጠ፣ ነጣ።
ሌላው ደህና ነው። ይህች ቦታ ብቻ ናት ያለቀችው፤
አንድ ሰው እዚህ አቁሞ፣ መልሶ፣
አቁሞ፣ መልሶ፣
ቴፑን እንደ ደጃፍ ድንጋይ በመመላለስ ያሟሟት።

ልጆች ናቸው አልኩ፣ ፍርስራሽ የሚወዱ።
ግን እዚህ ምንም አይፈርስም።
አውሬው ባቡር ጣቢያው ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል፤
መዳፉን ጣራው ላይ ያሳርፋል፣ ቀስ ብሎ፣
አራት ሰከንድ ዝም ይላል።
በጽሑፉ አልነበረም። ሙቀቱ ነው የጣለው።
ዳይሬክተሩ ወደደው፣ አልቆረጠውም፤
አውሬው አዘነ፣ ብለው ጻፉ ጋዜጦቹ።

ሲንበረከክ፣ ከዛጎሎቹ መሐል
ዚፑ ታየ፤
ስንዝር ያህል ተከፍቶ፣
ከውስጡ ነጭ ካናቴራ፣ የጣት ስፋት።

የኪራይ ካርዱን ከሽፋኑ አወጣሁ።
የመጀመሪያዎቹ ስሞች ተራ ናቸው፤ የፋብሪካ ልጆች።
ከዚያ አንድ ስም ብቻ፣ አሥራ አንድ ጊዜ፣ ሁሌም ማክሰኞ፣
እኔ የማታ ፈረቃ በምሠራበት፦
ኩራሞቺ ሳዋኖ።

እናቴ!
«ጎማ ማየት አልወድም» ትል የነበረች፤
ፊልሙ በቴሌቪዥን ሲመጣ ተነስታ
ሳህን የምታጥብ፣ የታጠበውን።
ካናቴራዎቹን በእጇ ነበር የምታሽ፣
በሩዝ ውኃ የምታጠነክር፣ ዕንባ ሳይሆን ላብ ከርፍቷቸው፤
ከሞተ በኋላ ዓለም ያስቀረላትም ይኸው ነበር፣
በራሷ እጅ የነጣ ጨርቅ፣ የጣት ስፋት፣ አራት ሰከንድ።

ከስሟ አጠገብ፣ አሥራ አንዱም ላይ፣
የኦኩዴራ ጽሕፈት፦
«ጠቅልላ አልመለሰችም፤ ቅጣት ሃምሳ የን።»
ሁሌ እዚያው ትተዋለች። ሁሌ ትከፍላለች።

ማቆሚያውን ተጫንኩ።
አሮጌ ማጫወቻ ማቆም አያውቅም፤ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፣
ጎማው ከፍ ዝቅ ይላል፣
ውስጡ ያለው ሰው ገና አየር እንደሚፈልግ።

ሲመሽ ካሴቱን አወጣሁት፣ ሳልጠቀልል።
ካዝናው ከተሸጠ ሳምንቱ ነው፤
ሃምሳ የኗን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ
መብራቱን አጠፋሁ።